ፀሐይ እንዳያየው የሸፈንኩት ሥዕል

ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ስኖር ሰፈሩ የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነበር። አንዱ ዙረቴ ነው። እግሬ ቤት አያርፍም። ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ወጥቼ ስታዲየም አካባቢ የምገኝ ሴት ነኝ፤ ሽንኩርቱንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ልጆቼ “ዛሬ ደግሞ በየት ዞርሽ?” ይሉኛል እንጂ “ወጥተሽ ነበር እንዴ?” ብለውኝ አያውቁም። ሌላው ግድግዳዬ ነው።

ግድግዳው የጭቃ ነው። እንዳይረግፍ ጋዜጣ ይለጠፍበታል፤ ጋዜጣው ሲያረጅ ሌላ ጋዜጣ በላዩ ይጨመራል። ዱቄት በውሃ አፍልቼ ኮላ እሠራና በዓል በመጣ ቁጥር እለጥፋለሁ። ስንት መንግሥት በላዩ እንደተደራረበ እንጃ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው። ንባቤን ያጠናከርኩት ግን በዚሁ ግድግዳ ነው፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ። ታዲያ ስለጥፍ ፊደል ገና ስላልለየሁ ግማሹን ጋዜጣ ዘቅዝቄ ነው የለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከቀናው ይልቅ ይቀለኛል። በዚህ ችሎታ የሚቀጥረኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከበሩ አጠገብ፣ ከመደቡ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ እድፍ ነበረ። ዙሪያውን የተዘቀዘቀ የሳሙና ማስታወቂያ አለ፤ መሃሉ ላይ ክብ ሆኖ፣ ቡናማ ሆኖ ቁጭ ያለ እድፍ። የእድፉ ባለቤት የጎረቤቴ ልጅ ናት።

ጎረቤቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ወልዳ፣ እዚሁ ባሏን ቀብራለች። በሁሉም ነገር ትበልጠኛለች፤ በዝምታማ አንወዳደርም። ጠዋት ገበያ ከመሄዷ በፊት የልጇን ራስ ቅቤ ትለቀልቅና “እስክመለስ እዚህ ትቁይልኝ” ትለኛለች። ልጅቷ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳዬ ላይ ደገፍ አድርጋ እናቷን ትጠብቃለች። ቅቤውን ጋዜጣው ይጠጣዋል።

“አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ከግድግዳው አንሺ!” እላለሁ።

ታነሳለች። ዞር ስል ትመልሰዋለች። ዞር ማለት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። አዲስ ጋዜጣ እለጥፍበታለሁ፤ ቅቤው ከሥር ሰርስሮ ሳምንት ሳይሞላ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ተሸነፍኩና ተውኩት።

ልጅቷ አደገችና ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። የእኛም የእሷም ቤት ስልክ ስላልነበረው የምትደውለው ጥግ ወዳለው ሱቅ ነው። ባለሱቁ “ዐረብ አገር!” ብሎ ይጮሃል፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን እየጎተተች ትሮጣለች። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ክረምት ገብቶ ወጣ፤ አሁንም ዝም። ጎረቤቴ አላለቀሰችም። ብቻ ገበያ ውላ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ትቆማለች። ዝም ብሎ መቆም ስለሚያሳፍራት ክብሪት ትገዛለች። ስልኩን እያየች ትቆይና ሌላ ክብሪት ትገዛለች። ቤቷ ክብሪት በክብሪት ሆነ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያያል፤ የሚናገር ግን የለም። በአንድ የስልክ ጩኸት ላይ ነበር ነፍሷ ተንጠልጥላ የቀረችው።

በዚያ ሰሞን ከጓሮ ያለችኝን ክፍል ለአንዲት ወጣት አከራየሁ። እጇ ሁልጊዜ ጥቁር ስለሆነ መካኒክ ናት ብዬ ነበር፤ የተበላሸ ኩራዝ ሁሉ አቅርቤላታለሁ። ለካ ሰዓሊ ናት። የምትሠራበት ቦታ ሰንጋ ተራ ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር በተከራዩት ክፍል። አንድ ቀን ልሸኛት ብዬ ወጥቼ እስከዚያው ድረስ ሸኘኋት።

“ሊቶግራፊ ይባላል፣ እማማ” አለችኝ። ልሙጥ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ትስላለች። ድንጋዩን በውሃ ታረጥበዋለች። ከዚያ ቀለም ስታንከባልልበት ቀለሙ ውሃውን ሸሽቶ ቅባቱን ብቻ ይይዛል። በላዩ ወረቀት ታደርግና በማተሚያ ትጫነዋለች፤ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ደነቀኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅባት ለማስለቀቅ ስፈትግ፣ ይቺ ልጅ ቅባቱ እንዳይለቅ ትጠበባለች።

ቤቴ ስትገባ ደግሞ ዓይኗ ከግድግዳዬ አይነሳም።

“እማማ፣ ይሄን ግድግዳ ልላጠው?”

“ልጄ፣ ቤቱ ራሱ ሊፈርስ ነው እየተባለ አይደል? ላጪው።”

በእንፋሎትና በስስ ቢላ ንብርብሩን እያነሳች ላጠችው። ከሥር የተረሳ ነገር ሁሉ ወጣ፤ የሳሙና፣ የጫማ፣ የመፈክር፣ የሎተሪ። እሷ “ዋው” ትላለች፤ እኔ የውስጥ ልብሴን አደባባይ የምታሰጣብኝ ይመስል እሸማቀቃለሁ። ቁርጥራጩን ወሰደችና ከድንጋዩ ባተመችው ሥዕል ላይ ለጠፈችው። ይሄኛው ኮላዥ ይባላል አለችኝ። እኔ ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ስሙን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥዕሉ ደረቀ ስትለኝ ሄጄ አየሁ። አሥራ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ኅትመቱ በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ የተለጠፈው ቁራጭ ግን ከግድግዳዬ የተለያየ ቦታ ስለተወሰደ በየወረቀቱ ይለያያል።

“ይሄው ብቻ?” አልኳት።

“ይሄው ብቻ። ድንጋዩን ፍቄ አጠፋዋለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ሊያትመው አይችልም።”

“ምን አጠፋ ድንጋዩ?”

ሳቀች። ቤት ለቃ ስትሄድ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ እንጨት ፍሬም አድርጋ፣ ያለ መስታወት። ከታች ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አየሁ፤ ሦስት፣ ጋደም ያለ መስመር፣ አሥራ ሁለት። የልጅ ልጆቼ የፈተና ወረቀት እንደዚሁ ነው።

“ከአሥራ ሁለት ሦስት? አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ታሻሽያለሽ” አልኳት፣ ትከሻዋን እየደባበስኩ።

ሦስተኛው ቅጂ ማለት እንደሆነ ሳቋን ስትጨርስ አስረዳችኝ።

“እሺ፣ ሥዕሉ ምንድን ነው?”

“አብስትራክት ነው። እርስዎ ምን ይታይዎታል?”

ይሄን ጥያቄ አልወደውም። ሐኪም “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” ሲለኝም ይከፋኛል፤ እኔ ካወቅሁት አንተ ምን ልትሠራ ተቀመጥክ? ያም ሆኖ አተኩሬ አየሁ። ጥቁሩ የተቃጠለ ድስት ቂጥ ይመስላል። ሰማያዊው የታክሲ ቀለም ነው። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ቡናማ ክብ አለ።

“ጨረቃ” አልኩ፣ ፈተና እንደሚመልስ ሰው።

ፈገግ አለች። ትክክል ነው አላለች፣ ስህተት ነው አላለች። “አደራ እማማ፣ ፀሐይ እንዳያየው። አሮጌው ወረቀት ይጠፋል።”

አደራ ደግሞ እኔ ጋ ቀልድ የለውም። ቤቴን ዞሬ ዞሬ ፀሐይ የማይደርስበት የምሥራቁን ግድግዳ ብቻ አገኘሁ፤ መስኮቱ ያለው በዚያው ወገን ስለሆነ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል። እዚያ ሰቀልኩት። ይሄም አይበቃም ብዬ የድሮ ነጠላዬን ከነጥለቱ ቆርጬ፣ በሽቦ አድርጌ መጋረጃ ሠራሁለት። አሁን ሳስበው፣ ሥዕል፣ በምሥራቅ ግድግዳ፣ በመጋረጃ ተሸፍኖ። ሰው ለማሳሳት ሆነ ብዬ ብነሳ የሚቀረኝ ሻማ ብቻ ነበር። ሻማውንም መብራት የጠፋ ዕለት ከሥሩ አበራሁት።

የማኅበር ተራዬ ደረሰ። ሴቶቹ መጡ። ከፊት የገባችው ጎረቤቴ ናት። መጋረጃውን ስታይ ቆም አለች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ እጅ ነሳች፣ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ተሳለመች። ከኋላዋ ያሉት አንድ በአንድ ተከተሏት። እኔ የዳቦውን ሰፌድ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቤት ሙሉ ሰው ከተሳለመ በኋላ “እሱ እኮ አሮጌ ጋዜጣ ነው” ይባላል? አፌን ዳቦ ጎረስኩበትና ዘጋሁት።

የንስሐ አባታችን ጸሎቱን ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ “ማን ናቸው?” አሉኝ።

“አባ፣ እኔ እንጃ... ገና በደንብ አልተገለጡልኝም።”

እውነቴን ነበር። አባ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “እንዲህ ያለ ትሕትና!” አሉ ለሴቶቹ ዞረው። ዙረታሟ ስባል የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ከሰዓት መናኝ ሆኜ ቁጭ አልኩ። መዋሸት አይገባምና እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ደስታው የቆየው ጎረቤቴ በማግስቱ ጠዋት በሬን እስክታንኳኳ ነው። “ገበያ ልሄድ ነው፣ ትንሽ ልቁምና” አለችኝ። መጋረጃው ፊት ቆመች። በነጋታውም መጣች፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እኔ የተጠረገውን ቤት መልሼ እጠርጋለሁ። አንድ ጠዋት ድምፅዋ ከፍ አለና ሰማኋት።

“የልጄን ድምፅ ብቻ አሰማኝ። ካሰማኸኝ ከፋይ መጋረጃ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ እዚሁ አስገባለሁ።”

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። አሁንስ እነግራታለሁ አልኩ።

“እቴ” አልኳት።

“ወዬ?”

ዞር ስትል ፊቷን አየሁት። ስንት ጊዜ ተኮማትሮ የከረመ ፊት ፈታ ብሏል። ለካስ ከሱቁ ክብሪት መግዛትም ትታለች፤ ባለሱቁ ራሱ ነግሮኛል። እንዴት አድርጌ ልናገር?

“ዛሬ ዝናብ ይመጣል መሰለኝ” አልኳት። ውጭው ጥርት ያለ ፀሐይ ነበር።

ጭንቀት ሲይዘኝ እግሬ ይፈጥናል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሰንጋ ተራ ልሄድ አስቤ ራሴን ደምበል ሕንፃ ውስጥ አገኘሁት። የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ሥር ቆሜ ሰው ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ጥበቃው “እማማ፣ ምን ልርዳዎት?” ሲለኝ “የጠፋብኝ ቅዱስ አለ” ልለው ዳድቶኝ ነበር። ከዚያ ነው ወደ ሰንጋ ተራ የዞርኩት። ሰዓሊዋን ቀለም ስታንከባልል አገኘኋት። ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳኋትና የመጣሁበትን ጠየቅኋት።

“እና ልጄ፣ ትንሽ ፊት ብትጨምሪበት? ጥጉ ላይ። ጢም ያለው።”

“ጢም?”

“ረዘም ያለ። ነጭ ቢሆን ጥሩ ነው።”

ቀለሙን አስቀመጠችው። “እማማ፣ አይሆንም እኮ! ማለቴ... ኤዲሽን ነው። ኅትመቱ አሥራ ሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ቁጥር ሰጥቼ ፈርሜበታለሁ። አንዱ ላይ ጢም ከጨመርኩ በቃ ተበላሸ።”

“እንዳይበላሽ አሥራ አንዱም ላይ ጨምሪዋ።”

“ተሸጠዋል!”

“ድንጋዩ ላይስ?”

“ድንጋዩ ተፍቋል፣ እማማ። ነግሬዎት ነበር እኮ። ለምን በቀጥታ አይነግሯቸውም?”

“አንቺ ልጅ፣ ጢሙ ይቀላል።”

ለመሄድ ተነሳሁ። እስከ በሩ ተከተለችኝ። “የእርስዎን ግን ዝም ብዬ አይደለም የመረጥኩት። ያቺ መሃል ላይ ያለችው ክብ እኮ...”

“ጨረቃዋን ተያት ልጄ፣ እኔ የቸገረኝ ቅዱስ ነው” ብያት ወጣሁ። ሰው ሊነግረኝ የሚገባውን ነገር ሊነግረኝ ሲል ጥዬ መሄድ የቆየ ልማዴ ነው።

ካዛንቺስ ስደርስ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ደነገጥኩ። በትከሻዎች መሃል ገብቼ ሳይ ጎረቤቴ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። አትናገርም። ታዳምጣለች፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ልጅቷ ናት! አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ኖሮ፣ አሁን ቤት ቀይራ ነው የደወለችው። ደህና ናት። ጎረቤቴ ስልኩን ዘግታ ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“ሰማኝ! እቴ፣ ሰማኝ!”

እኔም አለቀስኩ። ያቺ ልጅ የእኔም ልጅ ናት። ግን የደስታዬን ግማሽ እንኳ አልቅሼ ሳልጨርስ ከፋዩ ትዝ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እልልታ ሰማሁ። ጎረቤቴ ቀይ ከፋይ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፊት፤ የማኅበሩ ሴቶች ከኋላ። ገቡ። እኔ እጄን ዘርግቼ መጋረጃው ፊት ተገተርኩ።

“ቆዩ እስቲ! መጀመሪያ እህል ቅመሱ!”

“ስለት ሳይገባ እህል? ዞር በይ፣ አንቺ ሴትዮ!” አለች አንዷ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስዞር ኖሬ ያን ቀን አልዞርም አልኩ። ጎረቤቴ በርጩማ አምጥታ ልትወጣ ስትል ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁ። “እቴ፣ ሥሩ ያለው የምታስቢው አይደለም። እኔ የሸፈንኩት ፀሐይ እንዳያየው ነው። ተከራይዋ የሠራችው ነው... የወረቀት ነገር...”

ቀና ብላ አየችኝ። በርጩማው ላይ ወጣችና መጋረጃውን ሳበችው።

እልልታው አንድ ላይ ተቆረጠ።

“ውይ!” አለች አንዷ። “ተቃጥሎ ነው?”

“ኧረ ተገልብጦ ይሆናል” አለች ሌላዋ፣ አንገቷን ዘቅዝቃ።

የጎረቤቴ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። ያን ሁሉ ጠዋት የቆመችበት፣ ሰው ሰብስባ እልል ያለችበት፣ ከፋይ የተሸከመችበት ይሄ ነው። ደስታዋን እዚያው በርጩማ ላይ የቀማኋት መሰለኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን የቀበሌ ቤት ወለል እንኳን ሰው ሊውጥ ውሃም አይመጥም።

እሷ አልወረደችም። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። አውራ ጣቷን አንስታ ጨረቃዋን ዳሰሰቻት፤ ጣቷን ከጣቷ ጋር አሻሸች፣ ገበያ ላይ የቅቤ ለጋነት ስትፈትን እንደምታደርገው። አሸተተችው።

“ይሄ ቀለም አይደለም” አለች። “የእኔ ቅቤ ነው።”

“ምን ትላለች?” አሉ ከኋላ።

“የልጄ ራስ ነው! ያ በሩ አጠገብ የነበረው! መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ!”

ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ክቡ፣ ቡናማው፣ ስንት ጋዜጣ አልፎ ብቅ ሲል የኖረው። ዙሪያውን ያለው ደግሞ የሳሙናዬ ማስታወቂያ ነው። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ያነበብኩትን ጽሑፍ አላወቅሁትም፤ ሰዓሊዋ አቅንታ ስለለጠፈችው! ዘቅዝቃው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በለየሁት።

ጎረቤቴ ግንባሯን እድፉ ላይ ደገፍ አድርጋ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ እግሯን ያዝኩ። ቀና ስትል እየሳቀች ነው። ያቺ ዝምተኛ ሴት እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

“ይሄን ነው ስሳለም የከረምኩት?”

“ይቅር በይኝ፣ እቴ።”

“ዝም በይ! የሰማኝ ከላይ ያለው ነው። የት ቆሜ እንደጠራሁት አልጠፋውም።” ከፋዩን አጣጠፈችው። “ስለት ስለት ነው፤ ይሄ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። አሁኑኑ እንሂድ።”

“እኔስ የተሳለምኩት?” አለች ያቺ አንገቷን የዘቀዘቀችው፣ ቅር እያላት።

“ቅቤ ነው የተሳለምሽው። የጉራጌ ቅቤ። አይጎዳሽም” አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ለማፍረስ ከመጡት በፊት። ከበርጩማው ከመውረዷ በፊት ግን አሮጌ ነጠላዬን በሁለት እጇ ይዛ መጋረጃውን መልሳ ዘረጋችው። “ፀሐይ እንዳያየው” አለች።

ቤቱ በኋላ በእውነትም ፈረሰ። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፤ ሥዕሉም መጋረጃውን ለብሶ ተከተለኝ። አዲስ እንግዳ ሲመጣ አሁንም አንዳንዱ እጅ ይነሳል። ቶሎ አልናገርም፤ ዳቦ ካጎረስኩ በኋላ እናገራለሁ።

ልጅቷ ለዕረፍት የመጣች ዕለት ከእናቷ ጋር ቤቴ መጡ። ፀጉሯ ውበት ሳሎን የተተኮሰ፣ ሽቶዋ ከደረጃው የሚሰማ፣ ሙሉ ሴት። መጋረጃውን ከፈትኩላት።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“አንቺ ምን ይታይሻል?” አልኳት። ይሄን ጥያቄ ስጠይቀው እንዴት ደስ እንደሚል!

አተኩራ አየች። “ጨረቃ ነው?”

እናቷና እኔ በሳቅ ሞትን። አልነገርናትም፤ ቡናችንን ጠጥተን እንነግራታለን ተባባልን። እናቷ የቀረ ገበያ አለኝ ብላ ታች ወረደች። ልጅቷ ሥዕሉ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገዱ አድክሟት ነበርና ብዙም ሳትቆይ ጭንቅላቷን አዲሱ ነጭ ግድግዳዬ ላይ ደገፍ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

“አንቺ ልጅ፣ ራስሽን...” ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ቢነሳም ዞር ስል እንደሚመለስ አውቃለሁ። ነጠላዬን አንስቼ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ፣ ዞር አልኩላት።